ከኮምቦልቻ ሳልነቀል በከተማ አገልግሎት ማስተርስ መማር እችላለሁ?

ቦርከና_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት ፔሮል እሠራለሁ። ከሥራ የተረፈው ጊዜዬ የቤተ ክርስቲያን ነው። በአጥቢያችን የወጣት ሴቶች አገልግሎት አስተባብራለሁ፤ በማታ የተማርኩት የነገረ መለኮት ዲፕሎማም አለኝ። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና ኬጂ ናት።

አገልግሎቴን «የከተማ አገልግሎት» ብሎ የጠራልኝ ከአዲስ አበባ ለሥልጠና የመጣ አንድ አስተማሪ ነው። እኔ እንኳ «የፓርኩ ልጆች» ነው የምለው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ በኋላ ከደላንታ፣ ከተንታ፣ ከወረባቦ፣ ከለጋምቦ የመጡ ልጃገረዶች ከተማውን ሞሉት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ኮምቦልቻ ምን እንዳየች እዚህ የነበረ ያውቀዋል፤ ፓርኩም አልተረፈም። ቀና ሳንል አሜሪካ በዚያው ታኅሣሥ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ እሷ ገበያ ከምንሸጥበት ዕድል፣ አስወጣችን። ልጆቹ ግን ወደ ገጠር አልተመለሱም። ካፌ የገባች አለች፣ ፀጉር ቤት የገባች አለች፣ የሰው ቤት የተቀጠረች አለች፣ ፋብሪካ ውስጥ የቀረችም አለች። የቀሩት ደላላ እጅ ናቸው።

አንዱን ቤት ልንገራችሁ። ግቢ ውስጥ በተርታ ከተሠሩት የጭቃ ክፍሎች አንዷ ናት፤ አራት ሆነው ተከራይተዋታል። ሁለቱ የቀን ፈረቃ፣ ሁለቱ የማታ ናቸው። ፍራሹ ሁለት ስለሆነ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትጋደምበታለች። ልብሱ ሁሉ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ነው። አከራይዋ መብራት በአምፖል ታስከፍላለች፤ ስልክ ቻርጅ ለብቻው ይታሰባል። ከአራቱ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። ሽሮውን አብረው ይበላሉ፣ ሥጋ የተገኘ ቀን ብቻ ድስት ይለያሉ። የማታ ፈረቃዋ ተኝታ ከሆነ ጸሎታችንም መዝሙራችንም በሹክሹክታ ነው። አንድ ቀን እንደዚያ እያንሾካሾክን ሳለ የተኛችው ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ «እትዬ፣ ኦቨርታይሜን ቆርጠውብኛል፣ እስቲ ወረቀቱን እይልኝ» አለች። ከትራሷ ሥር አወጣችው። እሷን ስጨርስ ሌላዋም የራሷን አመጣች። ጥናቱ ቀረና የአራቱንም ደመወዝ ሳሰላ መሸ።

እንዲህ ያለውን የሚያስተምረው ማን ነው? ዲፕሎማዬ ሮሜን ምዕራፍ በምዕራፍ አስተምሮኛል፣ ተመስገን። ደላላው በጅቡቲ አድርጎ፣ ከኦቦክ ባሕር አሻግሮ ሳውዲ ሊያስገባት ቃል የገባላትን ልጅ ምን ብዬ እንደማስቀር ግን አልነገረኝም። «ጌታ ያውቃል» ብዬ የምሸኛቸው በዙብኝ።

አሁን ሽማግሌዎቻችን አንድ ሐሳብ አመጡ። አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ዓመት በሙሉ ጊዜ እንድማር፣ ወጪውን ግማሽ አጥቢያው እንዲሸፍን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባለቤቴ «ሂጂ፣ ልጆቹን እኔና እናቴ እንይዛለን» ብሏል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። እነዚህ ልጆች ክፍል ይቀይራሉ፣ ሥራ ይቀይራሉ፣ ስልክ ቁጥር ይቀይራሉ። ሁለት ዓመት ቆይቼ ስመለስ የማውቃት አንዲት ልጅ አላገኝም። ስለ ከተማው ለመማር ከተማውን ጥሎ መሄድ አልዋጥልህ አለኝ። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ አገልጋይ «መጋቢ ለማትሆን ሴት ማስተርስ ምን ያደርግላታል?» ማለታቸውን ሰማሁ። እሱን ለጊዜው ልተወው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። በአካውንቲንግ ዲግሪ የነገረ መለኮት ማስተርስ ያስገባል ወይ? በሞጁል እየተመላለሱ መማር ከኛ አገር መንገድ ጋር ይሆናል ወይ? ለመሆኑ የከተማ አገልግሎትን ራሱን ችሎ የሚያስተምር አለ?

ጦሳ_ሥር፦

እኅቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደሴ ነው የማገለግለው፤ ማስተርሴን በሞጁል ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ የማወራው ከደረሰብኝ ነው።

አካውንቲንጉ አያሳስብሽ። ሌላ ዲግሪ ይዞ ለሚመጣ ሰው በር የሚከፍቱ ፕሮግራሞች አሉ፤ መሠረታዊ ኮርሶችን ግን መጀመሪያ ያስወስዱሻል። የብሉይና የአዲስ ኪዳን ዳሰሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የአተረጓጎም ስልት፣ እንዲህ ያለውን። የማታ ዲፕሎማሽ እዚህ ላይ ሊጠቅምሽ ይችላል። ከዲፕሎማው የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙልሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል «ችግር የለውም» የተባለ ሰው ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ችግር ሲኖረው አይቻለሁ። የትምህርት እውቅናውንም ነገር እንደዚያው። ነገ በዲግሪው ዩኒቨርሲቲ ልቀጠርበት ወይም ውጭ ልቀጥልበት የምትዪ ከሆነ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ። ለአጥቢያ አገልግሎት ብቻ ከሆነ ያን ያህል አትጨነቂበት።

የት ለሚለው፣ ከኛ ከወንጌላውያን ወገን ብዙው ሰው የሚያውቀው መካኒሳ ያለው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ያለ ነው። የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ቃለ ሕይወትና መካነ ኢየሱስ በጋራ ያቋቋሙት ነው፣ ተማሪው ግን ከየቤተ እምነቱ ነው። እዚያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ፔሮል በእንግሊዝኛ መሥራትና ሃያ ገጽ ድርሰት በእንግሊዝኛ መጻፍ ይለያያል፣ ከአሁኑ ተለማመጂ።

«የከተማ አገልግሎት» የሚል ስም በር ላይ ተጽፎ አትፈልጊ። አንቺ የምትፈልጊው በሚሲዮን፣ በምክር አገልግሎት፣ በማኅበረሰብ ልማት ኮርሶች ተበትኖ ነው ያለው። ምርጫሽን የሚወስነው ሁለት ጥያቄ ነው። የኮርስ ሥራዬን፣ ማለትም ድርሰቱን፣ የመስክ ሪፖርቱን፣ ከኮምቦልቻ እንዳመጣ ይፈቀድልኛል? የመመረቂያ ጽሑፌን ደግሞ በነዚህ ልጆች ላይ ብሠራ የሚያማክረኝ ሰው አላችሁ? ሁለቱን አዎ ያለሽ ቦታ የፕሮግራሙ ስም ምንም ይሁን ያንቺ ነው። እኔ ጊዜዬን የፈጀሁት በአንድ የጀርመን ምሁር ሐሳብ ላይ ነበር፤ ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ደሴ ላይ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሞጁል እንዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ። ንባቡን ቀድመው ይልኩልሻል፤ ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ትቀመጫለሽ፤ ተመልሰሽ ድርሰቱን እቤትሽ ትጽፊያለሽ። ዓመት ፈቃድሽን ይበላዋል፣ ከአሠሪሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። መንገዱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰላም ከሆነ በቀን ይገባል። ከሚሴና አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ኮሽታ ከተሰማ ግን መንገዱ ይዘጋል። እኔ ደብረ ብርሃን ታግቼ ፈተና ያለፈኝ ጊዜ አለ። አውሮፕላን ከኮምቦልቻ አለ፣ ግን በየሞጁሉ በምን ደመወዝ? ስለዚህ ከሞጁሉ ቀደም ብለሽ ሂጂ፣ የምታርፊበት ዘመድ አዘጋጂ። ኢንተርኔትንም አትመኚው። ኔት በጠፋበት ጊዜ የተረፍኩት የንባቡን ፒዲኤፍ ሁሉ በፍላሽ ጭኜ ስለመጣሁ ነው።

ደላንታ፦

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ልበል። ሂጂ! ሁለት ዓመት፣ በሙሉ ጊዜ፣ ሻንጣሽን ሸክፈሽ።

ሞጁል ጥሩ ነው የሚሉት እቤት ሲገቡ ራት የሚቀርብላቸው ናቸው (ጦሳ ሥር ይቅርታ፣ አንተን አላውቅህም)። አንቺ ቀን ፔሮል፣ ማታ ልጆች፣ ቅዳሜና እሑድ አገልግሎት አለብሽ። ድርሰቱን መቼ ነው የምትጽፊው? እኔ በሞጁል ጀምሬ አቋርጫለሁ። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ማንም ከሥራዬ ላይ አንድ ነገር አላነሣልኝም፣ ትምህርቱን ብቻ ጨመሩልኝ። ያንቺ ሽማግሌዎች ግማሽ እንከፍላለን ማለታቸው፣ ባልሽም ልጆቹን እይዛለሁ ማለቱ በየቤቱ የሚገኝ ነገር አይደለም። ወንድ ወንጌላዊ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ላይብረሪ ተቀምጦ ነበር። «የማውቃት ልጅ አላገኝም» ላልሽው፣ ከአጥቢያሽ ሌላ ሰው ያውቃቸው። ካንቺ በቀር የሚያውቃቸው ከሌለ ችግሩ ከትምህርቱ በፊት የነበረ ነው።

ከሮክስበሪ፦

የደሴ ልጅ ነኝ፤ ቦስተን ከገባሁ ቆይቻለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ እዚህ ያየሁት ነገር ስለመጣብኝ ነው የምጽፈው።

እዚህ ጎርደን ኮንዌል የሚባል ሴሚናሪ አለ። ዋናው ግቢ የተቋቋመው ሃሚልተን ነው፤ ከቦስተን ወደ ሰሜን ወጣ ያለች፣ ዛፍ በዛፍ የሆነች ጸጥ ያለች ከተማ። የከተማው ጥቁር ቤተ ክርስቲያንና የፖርቶ ሪኮ መጋቢዎች ወደዚያ ሄደው ይማሩ ቢባል አይሆንም። ቤተሰብ አላቸው፣ ቀን ሥራ አላቸው፣ እሑድ የሚጠብቃቸው ሕዝብ አለ። እና እ.ኤ.አ. በ1976 ሴሚናሪው ራሱ ወደ ከተማው ወርዶ ሮክስበሪ በሚባለው የቦስተን ሰፈር የከተማ አገልጋዮች ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። ያቋቋሙት ኤልዲን ቪያፋኜ የሚባሉ ፖርቶ ሪኳዊ ምሁር ናቸው። ክፍሉ ማታና ቅዳሜ ሆነ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ አልቀረም፤ በስፓኒሽ፣ በፖርቹጊዝ፣ በፈረንሳይኛም ሰጡ። ገቢው ተማሪ አገልግሎት ሊጀምር የሚያስብ ወጣት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን እየመራ የመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር።

እኔም ማታ ማታ የተወሰኑ ኮርሶች ወስጃለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሄይቲያዊ መጋቢ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበር፣ ከነዩኒፎርሙ ነበር የሚመጣው። አስተማሪው ስለ ስደተኛ ቤተሰብ ሲያወራ እሱ እጁን አውጥቶ «እንደዚያ አይደለም፣ እኔ ሰፈር እንዲህ ነው» ይል ነበር፣ አስተማሪውም ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር። ናይሮቢም ካርላይል ኮሌጅ ኪቤራ ሰፈር አጠገብ ተመሳሳይ የከተማ ተልእኮ ማዕከል አለው፤ እሱ ላንቺ በመንገድም በኑሮም ይቀርባል።

ይህን የምነግርሽ ቦስተን ነይ ለማለት አይደለም። ቪዛውን እርሺው። ሽማግሌዎችሽ አንድ ሰው ወደ ሴሚናሪ ከመላክ፣ ሴሚናሪው አንድ አስተማሪ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ እንዲልክ ቢጠይቁስ? ደሴና ኮምቦልቻ ጎን ለጎን ናቸው። ከየቤተ እምነቱ እንዳንቺ ያሉ አገልጋዮች ቢሰባሰቡ አንድ ክፍል ይሞላሉ። አንድ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ይምጣ ወይስ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ይሂድ?

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የከተማ አገልግሎት መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት እዚህ ነው፤ ስለ ዘር መድልዎ፣ ስለ ወንበዴ ቡድን፣ ነጩ ጥሎት ስለሄደ ሰፈር ነው የሚያወሩት። ያንቺ ከተማ የተወለደው ሌላ ምጥ ነው። ጥያቄ አጠያየቃቸውን ውሰጂ፣ መልሳቸውን እዚሁ ተዪልን።

ሰኞ_ገበያ፦

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። እኔ ሙስሊም ነኝ። ልጄ ስልኳ ላይ አሳይታኝ ነው ያነበብኩት፤ የናንተ ጉዳይ ውስጥ ገባህ ካላችሁኝ እወጣለሁ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፣ የቅሬያችንም (የዕድራችን) ጸሐፊ ነኝ።

ልጄ፣ የነዚያን ልጆች ደመወዝ ማስላትሽን ወድጄዋለሁ። ስለ ሌላው ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ከደሴ ወጣ እንዳልሽ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠርተው የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ አሉት። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ፣ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባለ፤ እምቢ ያለው እነ ሼህ ጦልሃን ተከትሎ ተዋጋ፣ ተሰደደ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቤተሰብ ውስጥ መሐመድም ገብረ መድኅንም አለ፣ በዒድም በፋሲካም እንጠራራለን። ተቻችለን ነው የምንኖረው ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ያንን ዘመን ማንም አልረሳውም። «ተልእኮ» «ሥልጠና» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ሰፈር ሲገባ የአዛውንቱ ጆሮ የሚቆመው ስለዚህ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የኛ ልጆች አሉ ብለሻል። የወረባቦ አባት «ልጅህን እትዬ እንትና ከቀጣሪዋ ጋር ተከራክራ ገንዘቧን አስመለሰችላት» ቢባል ዱዓ ያደርግልሻል። «በዚያው ሃይማኖቷን አስለወጠቻት» ከተባለ ግን ልጅቷ ቤት የላትም፣ አንቺም ያን ግቢ ዳግመኛ አትረግጪውም። የትኛውም ትምህርት ቤት ግቢ፣ ይህን ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ክፍል እንዳላቸው ጠይቂ። ስለ እስልምና ኮርስ ካለም አስተማሪው ከሙስሊም ጋር ቡና ጠጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂ። ከመጽሐፍ ብቻ ከሆነ ደሴ ብቅ በዪና እኛ እናስተምርሻለን፤ ከአቦል እስከ በረካ ነው፣ ክፍያ የለውም።

ቅሬም ግቢ። ጴንጤዎች እንደ ጥንቱ ለየት ብላችሁ አትቀመጡ። ሬሳ ተይዞ የመቃብር ቦታ ፍለጋ የተንከራተታችሁበትን ጊዜ አይቻለሁ፤ ያኔ ቅሬ ውስጥ የነበረ ሰው እንዳልተንከራተተም አይቻለሁ።

በመጨረሻ ደሴ ያለኸው ወንድም፣ የሰፈራችን አዳራሽ የናንተ ይሁን የሌላ አላውቅም፣ እሑድ የሞንታርቦው ነገር ግን ይታሰብበት። የኛም መስጊድ ድምፅ አለው ብትለኝ ልክ ነህ፣ እሱንም በጀመዓ ተነጋግረንበታል።

የሐይቅ_ልጅ፦

ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዲያቆን። በነገረ መለኮቱ አንገናኝም፤ በልጆቹ ጉዳይ ግን አንድ ነን። የግቢ ጉባኤ ልጆቻችን፣ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የምናስተምራቸው፣ ተመርቀው ኮምቦልቻ ሥራ ፍለጋ ሲወርዱ እኛም ነን የምንጠፋባቸው። በእኛ በኩል ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ነው የሚታሰበው፤ ከዚያ ተመርቆ ወደ ወሎ የሚመለሰው ሰው ያንሳል፣ ሐዘናችን እሱ ነው። አንድ ጊዜ እኮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ትምህርት ሲያስፋፉ ሰው ከሸዋ ወደ ወሎ ነበር ለትምህርት የሚመጣው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የመጡት እንደዚያ ነው። የሮክስበሪው ወንድም ሐሳብ ስለዚህ እንግዳ አልሆነብኝም።

መስክ ለምትፈልጊው ጥናት ደግሞ ፋብሪካው ብቻ አይደለም። ሐይቅ ዙሪያ ቱርክ ካምፕና ጃሪ የተፈናቃይ መጠለያ ነበር። ከዚያ ወጥተው ከተማ የተከራዩ ቤተሰቦች አሉ። የነሱ ልጆች ከፓርኩ ልጆችሽ ጋር አንድ ግቢ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቦርከና_ማዶ፦

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። ደላንታ፣ ከሁሉ በላይ ያንቺ ነው እንቅልፍ የነሣኝ (ሴት ነሽ ብዬ ነው፣ ካልሆንክ ይቅርታ)። «ትምህርቱን ብቻ ጨመሩልኝ» ያልሽውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም አላሰብኩትም ነበር» አለኝ።

ሆኖም ሁለት ዓመት አልሄድም። ለሽማግሌዎቹ ይዤ የምገባው ሐሳብ ይሄ ነው። ለአዲስ አበባ ኑሮዬ ሊከፍሉልኝ ያሰቡትን ገንዘብ ከሁለት ይክፈሉት፤ አንዱ ለሞጁሌ፣ ሌላው አብራኝ ለምትሠራ አንዲት ልጅ አበል። ልጅቷ ራሷ ፓርኩ ውስጥ የሠራች ናት፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመች፣ የሁሉንም ክፍል ታውቃለች። እኔ ሞጁል ስሄድ እሷ ትዞራለች። ከድካሜ ላይ የሚነሣው በዚህ ነው። እምቢ ካሉ የደላንታን ምክር እንደገና አስብበታለሁ።

ሮክስበሪ፣ አስተማሪ ወደዚህ ይምጣ ያልከውን ለአካባቢው ኅብረት አቀርበዋለሁ። ተስፋዬ ትንሽ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ቤተ እምነቶች በአንድ አዳራሽ ጉዳይ መስማማት አቅቷቸው አይቻለሁና። ዲያቆን፣ ጃሪን ስላስታወስከኝ አመሰግናለሁ፤ ከአራቱ ልጆች አንዷ ከዚያ ነው የመጣችው፣ አንተ እስክትል ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እምነቴን አልደብቅም፣ ለጠየቀችኝ እነግራታለሁ። የደመወዝ ስሌቱ ግን ለሃይማኖት ማባበያ አይሆንም፣ ለሁሉም እኩል ነው። ይህን ለልጆቹ ወላጆች ፊት ለፊት ልነግራቸው አስቤያለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ደሴ መጥቼ ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ቅሬ አባል ነው፣ እኔ ነኝ ለሴቶቹ ተራ ሰዓት አጥቼ የምጠፋው።

ጦሳ ሥር፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ማመልከቻው ላይ የመጋቢ ድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ ይባላል። ያ «ምን ያደርግላታል» ያሉት ሰው ናቸው ፈራሚው።

ጦሳ_ሥር፦

አዎ፣ የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው ግን ከአጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ቢጻፍ ይበቃል፣ የግድ የአንድ ሰው ፊርማ አይደለም። በቃለ ጉባኤ ወስኑና ቃለ ጉባኤውን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ በቃለ ጉባኤ የተያዘን ነገር ብቻውን ተነሥቶ የሚያስቀር የለም። ከመሥሪያ ቤትሽም የፈቃድ ደብዳቤ አብረሽ ያዢ።

ደላንታ፣ ራት የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሚስቴ ነርስ ናት፣ ማታ ተረኛ ነች። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ የሞንታርቦውን ሰፈር በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፤ የኛ ከሆነ የሚመጣው እሑድ ሳይደርስ አየዋለሁ፣ የኛ ካልሆነም የማን እንደሆነ አውቃለሁ።